ሪስታርት ላይ ስታክ የሚያደርግ ኮምፒውተር

ኮምፒውተር ሪስታርት ሲደረግ ሁለት ሥራ ተከታትሎ ይሠራል። መጀመሪያ የተከፈተውን ሁሉ ይዘጋል፤ ቀጥሎ እንደ አዲስ ይነሣል። ሪስታርት ላይ ስታክ ያደረገ ኮምፒውተር ከሁለቱ በአንዱ መሐል የቆመ ነው። ሲዘጋ የቆመው አብዛኛውን ጊዜ የፕሮግራም ወይም የድራይቨር ጣጣ አለበት፤ ሲነሣ የቆመው ደግሞ ከተሰካበት ዕቃ፣ ከሙቀት፣ ከራም ወይም ከዲስክ ጋር የተያያዘ ችግር ይኖረዋል። ይህ ልዩነት ሳይጣራ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ፍርድ መስጠት ከከሚሴ እስከ አዲስ አበባ የተለመደ ነው። ፎርማት ግን የተረሳ ፍላሽ አይነቅልም፣ አቧራ አይጠርግም፣ የላላ ራም አያጠብቅም፤ የቤተሰቡን ፎቶና የተማሪውን ጽሑፍ ግን ያጠፋል።

ኮምፒውተሩ የቆመበትን ቦታ ለመለየት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ስክሪኑን ማየት ይበቃል። «ሪስታርቲንግ» በሚለው ጽሑፍና በሚሽከረከሩት ነጠብጣቦች ላይ ከቀረ ዊንዶውስ ገና አልተዘጋም። ስክሪኑ ጠቁሮ ፋኑ ብቻ እየዞረ ከቀረ፣ መዝጋቱ ወደ ማለቁ ደርሶ ማዘርቦርዱ እንደገና መነሣት አቅቶታል ማለት ነው። የዴል ወይም የኤችፒ ዓርማ ወጥቶ ከሥሩ ምንም የሚዞር ነገር ከሌለ የቆመው ባዮሱ ነው፤ ባዮስ የሚባለው ኮምፒውተሩ ገና ሲነሣ ራምን፣ ኪቦርድንና ዲስክን የሚፈትሸው፣ በማዘርቦርዱ ላይ የተጫነው ፕሮግራም ነው። ከዓርማው ሥር ነጠብጣቦቹ መዞር ከጀመሩ በኋላ የቆመ ከሆነ ግን ባዮሱ ድርሻውን ጨርሶ ለዊንዶውስ አስረክቧል፤ ጥርጣሬው ወደ ዲስኩና ወደ ዊንዶውስ ፋይሎች ይዞራል።

ከዚያ በፊት ግን ኮምፒውተሩ በእርግጥ መቆሙን ማረጋገጥ ይገባል። ዊንዶውስ አፕዴት ሲጭን፣ በተለይ ዲስኩ የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ ሥራ ላይ ነው፤ መጠበቅ ነው። ሌላው መፈተኛ በኪቦርዱ ላይ ያለው የካፕስ ሎክ ቁልፍ ነው፤ ሲጫኑት መብራቱ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ኮምፒውተሩ ትእዛዝ እየሰማ ነው። የዲስኩ መብራት ሞቶ፣ ካፕስ ሎክም አልመልስ ብሎ ረጅም ጊዜ ካለፈ፣ ማብሪያ ቁልፉን ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ይዞ ማጥፋት ይቻላል። ሶኬት ከመንቀል ይህ ይሻላል። ከጠፋ በኋላ ሶኬቱን ነቅሎ ማብሪያ ቁልፉን ለግማሽ ደቂቃ ያህል መጫን በማዘርቦርዱ ላይ የተረፈውን ኤሌክትሪክ ያስወጣል፤ አንዳንድ ጊዜ ችግሩ በዚህ ብቻ ይፈታል።

ሪስታርትና ሹት ዳውን ለተጠቃሚው አንድ ይመስላሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። ከመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ሠሪዎች አንዱ የነበረው ኢንጂነር ዴቪድ ብራድሊ እ.ኤ.አ. በ1981 ገደማ ኮንትሮል፣ አልት እና ዲሊት የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች በአንድ ላይ መጫንን ሲያመጣ ዓላማው ኮምፒውተሩን መብራት ሳያቋርጡና የራም ፍተሻውን ሳይጠብቁ ማስነሣት ነበር። ዛሬም ሪስታርት ሲደረግ መብራቱ ከማዘርቦርዱ ላይ አይቋረጥም፤ በዩኤስቢ የተሰካው ፍላሽ ወይም ፕሪንተርም ኃይል እያገኘ ይቆያል። የተደናገረ ዕቃ እንደተደናገረ ወደሚቀጥለው መነሣት ይሻገራል። ጠፍቶ ሲበራ ደህና የሚነሣ ኮምፒውተር ሪስታርት ላይ የሚያስቸግርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ሰው አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል ነገር አለ። ይህ ሲበራ ሹት ዳውን የዊንዶውስን ዋና ክፍል በትክክል አይዘጋውም፤ ዲስክ ላይ አስቀምጦት ያድራል፣ ጠዋት ያንኑ አንሥቶ ይቀጥላል። ሙሉ በሙሉ ዘግቶ እንደ አዲስ የሚጀምረው ሪስታርት ነው። ማታ ማታ ሹት ዳውን አድርጎ ስታብላይዘሩን የሚያጠፋ ቤተሰብ ኮምፒውተሩ በየቀኑ እያረፈ ይመስለዋል፤ የዊንዶውሱ እምብርት ግን ለወራት አንድም ቀን ዳግም ሳይጀመር ሊቆይ ይችላል። ከዚያ አንድ ቀን አፕዴት ወይም አዲስ ፕሮግራም ሪስታርት ይጠይቃል፣ ቆይቶ የነበረው ጉድለትም በዚያው ዕለት ይገለጣል። ሰውም አዲሱን ፕሮግራም ይወቅሳል። ፋስት ስታርትአፕን ለማጥፋት ከኮንትሮል ፓነል ወደ ፓወር ኦፕሽንስ ገብቶ፣ የማብሪያ ቁልፉ ምን እንደሚሠራ በሚወሰንበት ገጽ ላይ ምልክቱን ማንሣት ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።

ሲዘጋ የሚቆም ኮምፒውተር ላይ የመጀመሪያው እርምጃ ከኪቦርድና ከማውዝ በቀር በዩኤስቢ የተሰካውን ሁሉ ነቅሎ እንደገና ሪስታርት ማድረግ ነው። ደህና ከተነሣ፣ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየሰኩ መሞከር ጥፋተኛውን ያወጣዋል። ካልሆነ ተራው ዊንዶውስ ሲነሣ አብረው ለሚነሡት ፕሮግራሞች ነው። ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርትአፕ» በሚለው ሥር ይገኛሉ፤ አጥፍቶ መሞከር፣ ችግሩ ከተወገደ መልሶ አንድ በአንድ ማብራት ይቻላል። ከሚሴ ባለችበት በአማራ ክልል ኦሮሚያ ዞን የጽሕፈት ሥራ በሁለት ቋንቋ ስለሚሄድ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ አፋን ኦሮሞ በቁቤ ሲጻፍ የተለየ ሶፍትዌር አይፈልግም፣ አማርኛው ግን እንደ ፓወር ግእዝ ያለ ፕሮግራም ከበስተጀርባ እንዲሠራ ሊፈልግ ይችላል። ለሙከራ ሲጠፋ አማርኛ አልጻፍ ማለቱ ሌላ ብልሽት አይደለም።

ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ መጫን ጥንካሬ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እርስ በርስ እየተጠባበቁ ኮምፒውተሩን ያንቁታል፤ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ለቤት ይበቃል፣ ፍላሽ በተሰካ ቁጥር እስከተፈተሸ ድረስ።

ዊንዶውስን ከዕቃዎቹ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ድራይቨርም አለ። ኢንተርኔት ውድ በሆነበት ቦታ ጠጋኞች የሺህ ዕቃ ድራይቨር በአንድ ጥቅል ይዘው ይዞራሉ፤ ጥቅሉ ለኮምፒውተሩ የማይስማማ የግራፊክስ ወይም የዋይፋይ ድራይቨር ሲጭን፣ ዊንዶውስ ሊዘጋ ሲል ያ ድራይቨር አልለቅም ይላል። ይህን ለመለየት ሺፍት የሚለውን ቁልፍ ይዞ ሪስታርትን መጫን፣ ከሚመጡት ምርጫዎች ሴፍ ሞድ ውስጥ መግባት፣ እዚያው ሆኖም እንደገና ሪስታርት ማድረግ ነው። ሴፍ ሞድ ዊንዶውስን ከጥቂት መሠረታዊ ድራይቨሮች ጋር ብቻ ያስነሣል። በዚያ ሁኔታ ያለችግር ሪስታርት ካደረገ ጥፋቱ ከተጨመሩት ነገሮች አንዱ ነው፤ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ በቅርቡ የተጫነውን ድራይቨር ወደ ቀድሞው መመለስ ወይም ከኮምፒውተሩ ሠሪ ገጽ ትክክለኛውን ማውረድ ይገባል።

ሲነሣ የሚቆመውን ኮምፒውተር ሲመረምሩ ከቀላሉ መጀመር ብልህነት ነው። ከቀላሉም ቀላሉ የተረሳ ፍላሽ ነው። በፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤቶች ደንበኛ ፍላሹን ሰክቶ ይሄዳል፤ ባዮሱ ከዲስኩ በፊት ዩኤስቢን እንዲያይ ከተስተካከለ ፍላሹ ላይ ዊንዶውስ ሲፈልግ ይቀራል፣ ፍላሹ የተበላሸ ከሆነም እዚያው ደርቆ ይቆማል። መንቀል ነው መድኃኒቱ።

ቀጥሎ የሚጠረጠረው ሙቀት ነው። ከሚሴ ከባሕር ጠለል በላይ 1400 ሜትር ግድም ላይ፣ በቦርከና ሸለቆ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳናም መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ሙቀትና አቧራ አንድ ላይ ሲገናኙ ለኮምፒውተር ጠላት ናቸው። አቧራው በፕሮሰሰሩ ላይ ባለው የብረት ማቀዝቀዣ ክንፎች መሐል ተጋግሮ አየር ይዘጋል፤ በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል የሚቀባው ፔስትም ከዓመታት በኋላ ይደርቃል። የሙቀት ችግር ራሱን የሚገልጥበት መንገድ አለው። ጠዋት ኮምፒውተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሪስታርቱ ይሠራል፣ ከቀትር በኋላ ለሰዓታት ከሠራ ግን ይቆማል፤ ለግማሽ ሰዓት ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይነሣል። እንዲህ ያለውን ኮምፒውተር ፎርማት ማድረግ ጊዜ ማባከን ነው። ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ሳጥኑ ተከፍቶ፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ተይዞ በብሎወር ይጸዳል፤ ካልበቃ ፔስቱ ይቀየራል።

ሳጥኑ ከተከፈተ አይቀር ራሙንም ማየት ጥሩ ነው። እጅ አስቀድሞ የሳጥኑን ብረት ይንካ፤ በሰውነት ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ራም ሊያበላሽ ይችላል። ራሙን አውጥቶ ወርቃማውን ጫፍ በለስላሳ ላጲስ አሽቶ፣ ፍርፋሪውን ጠርጎ «ቀጭ» እስኪል መልሶ መግፋት የአገራችን ጠጋኞች የቆየ ዘዴ ነው፣ ይሠራልም። ሁለት ራም ካለ አንዱን ብቻ እያስገቡ መሞከር የተበላሸውን ይለያል።

ከሪስታርት ችግር ጋር የሚምታታ አንድ ጉዳይ አለ፤ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ፣ ሲአር 2032። የባዮሱን ማስተካከያና ሰዓቱን የምታቆየው ሶኬቱ በተነቀለበት ጊዜ ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበትና ስታብላይዘር ማታ ማታ በሚጠፋበት ቤት ቶሎ ታልቃለች። ስትሞት ሰዓቱ ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ይመለሳል፣ ድረ ገጾች አልከፈት ይላሉ፣ ባዮሱም ኤፍ 1 እንዲጫኑ እየጠየቀ ይቆማል። መለያው ይህ ነው፤ የባትሪው ችግር የሚታየው መብራት ከተቋረጠ በኋላ እንጂ መብራት ሳይቋረጥ በሚደረግ ሪስታርት ላይ አይደለም።

የሚያሳስበው ዲስኩ ነው። ኮምፒውተሩ ውሎ አድሮ እየዘገየ መጥቶ፣ ፋይል ሲከፈት እየተንገዳገደ፣ ከሃርድ ዲስኩ ውስጥም የ«ቀጭ ቀጭ» ድምፅ እየተሰማ ሪስታርት ላይ መቆም ከጀመረ፣ ዲስኩ እየሞተ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ከመገልበጥ የሚቀድም ሥራ የለም። ቼክ ዲስክ የሚባለው መፈተሻ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን በሚሞት ዲስክ ላይ ለሰዓታት ማስኬድ የቀረውን ዕድሜ ይጨርሰዋል፤ መጀመሪያ ግልበጣ፣ ከዚያ ፍተሻ። ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ፋይሎቹ ብቻ የተበላሹ ከሆነ፣ መንሥኤው ብዙ ጊዜ በሥራ መሐል የሄደ መብራት ነው። እዚህ ላይ ስታብላይዘርና ዩፒኤስ ይለያዩ፤ ስታብላይዘር የመብራቱን ከፍታና ዝቅታ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን አያቆይም። ፋይል ለማስቀመጥና በደንብ ለመዝጋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ የሚሰጠው ዩፒኤስ ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕም ከዴስክቶፕ አይሻልም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የማይፈታ የዊንዶውስ ብልሽት ሲቀር ፎርማት ተገቢ ይሆናል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በብዙ አሮጌ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ላይ አይጫንም። ለአሮጌ ኮምፒውተር የሚከፈለው የፎርማት ዋጋ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ለመቀየር ቢጨመር የበለጠ ይጠቅማል።

ኮምፒውተሩን ወደ ጥገና የሚወስድ ሰው ስክሪኑ የቆመበትን ገጽ በስልኩ ፎቶ ያንሣ፤ ችግሩ ጠዋት ይሁን ከሰዓት፣ ሲዘጋ ይሁን ሲነሣ ለጠጋኙ ይንገር። ፎርማት ከተባለም ፋይሎቹ ተገልብጠው በሌላ ዲስክ ላይ ተከፍተው ሳያያቸው አይፍቀድ።