ከሕንፃው በፊት መምህሩ

አፍሪካን ዋይልድላይፍ ፋውንዴሽን በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ በአዲስጌ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስገንብቷል። ግንባታ ይመረቃል፣ ፎቶ ይነሣበታል፤ መምህር የሚመድበውና ደመወዝ የሚከፍለው ግን መንግሥት ነው። ስለዚህ በአካባቢው ባሉት የደባርቅና የዳባት ወረዳዎች ገጠር ትምህርት ቤት ለመሥራት የሚያስብ በጎ አድራጊ የመሠረት ድንጋይ ከማስቀመጡ በፊት ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር ስለ መምህር ምደባ ይፈራረም። በዚያ ብርድ፣ ከከተማ ርቆ፣ ለመምህሩ መኖሪያ ቤት መሥራት አንድ ክፍል ከመጨመር ይበልጣል፤ መምህር የሌለው ክፍል ባዶ ግድግዳ ነውና።

ከግንባታ ይልቅ እንደ ተማሪዎች ምሳ ያለ የዕለት ወጪን መሸፈን ጥገኝነት ያመጣል የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው የትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ለትምህርት ቤቶች ይሰጥ የነበረው ድጎማ የሚሰላው በተማሪ ቁጥር ነበር። ድጎማ በዚህ ስሌት ሲሰጥ፣ የገብስ አጨዳና የከብት ጥበቃ ልጆችን ሲያስቀር ትምህርቱም ድጎማውም ይጎዳል። ልጆቹን የሚያቆይ የምሳ ምገባ እንግዲህ ትምህርት ቤቱ ከመንግሥት የሚያገኘውን የራሱን ገቢ ይጠብቅለታል።