«ፎርማት አድርግልኝ» ለሚሉኝ

አንዲት እናት የልጃቸውን ላፕቶፕ ይዘው ወደ ሱቄ መጡ። ልጅቱም አብራቸው ናት፤ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። የምትጫወተው ሲምስ 4 ነው። ጌሙ አፕዴት ከተደረገ በኋላ ከታች ያለው ሜኑ ባዶ ሆነ፣ ቤት መሥሪያውም አልከፈት አለ። ሌላ ጥገና ቤት ቢሰጡት ፎርማት ተደርጎ፣ ዊንዶውሱም ጌሙም እንደ አዲስ ተጭኖ ተመለሰላቸው። ልጅቱ ሞዶቿን፣ ማለትም ሌሎች ሰዎች ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጨመሩትን ፋይሎች፣ ፍላሽ ላይ ይዛ ስለነበር መልሳ ገለበጠቻቸው። ጌሙን ስትከፍተው ያው ባዶ ሜኑ ጠበቃት። ያልተመለሰው ሴቩ ነው። ከአያት ጀምራ እስከ ልጅ ልጅ ያደረሰችው ቤተሰብ፣ ክፍል በክፍል የሠራችው ቤት፣ ሁሉም ጠፍቷል። «ብሩስ ይቅር፣ ልጄ፤ እሷ ግን እህል አልቀምስ ብላ ነው ያስቸገረችኝ» አሉኝ እናትየው።

ጥፋተኛው አንድ ፋይል ነበር፤ ሜኑውን የሚነካ፣ ከአፕዴቱ በፊት የተሠራ የሞድ ስክሪፕት። ጌሙ ስህተት ሲገጥመው በሚጽፈው «ላስት ኤክሴፕሽን» በተባለ ፋይል ውስጥ ስሙ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። በኖትፓድ ከፍቶ ማንበብ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ያንን ሳያይ ዲስኩን የደመሰሰው ሰው ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የአንድ ሱቅ ጥፋት ቢሆን ባልጻፍኩ። ፎርማት ለማንኛውም ችግር መድኃኒት ነው የሚለው እምነት ደንበኛውም ባለሙያውም ዘንድ ሥር ሰዷል። ደንበኛው ገና ከበር «ፎርማት አድርግልኝ» ይላል፤ ባለሙያውም እሺ ይላል፣ ምክንያቱም ፎርማት ማሰብ አይጠይቅም። ሞድ ላለው ጌም ግን ከዚህ የባሰ ምክር የለም። ሞዶቹ ጌሙ በተጫነበት ቦታ አይደለም ያሉት። ዶክመንትስ ውስጥ፣ ኤሌክትሮኒክ አርትስ በሚለው ፎልደር ሥር፣ የጌሙን ስም በያዘው ፎልደር ነው የሚቀመጡት። ሴቩም፣ የተሠሩት ሰዎችና ቤቶች የሚገቡበት «ትሬይ»ም እዚያው ጎን ለጎን ናቸው። ጌሙን አንኢንስቶል ብታደርጉት ይህ ፎልደር አይነካም። በአሥር ጊጋዎች የሚቆጠር ዳታ ገዝታችሁ ጌሙን ደግማችሁ ብታወርዱት የተበላሸው ሞድ ካለበት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ላፕቶፑን ፎርማት ስታደርጉት ደግሞ ፎልደሩ ከነሴቩ ይጠፋል፤ ሞዱ ግን ከፍላሹ ተመልሶ ይገባል። በሁለቱም መንገድ በሽታው አልተነካም።

«ምንም አልነካሁም፣ ትናንት ይሠራ ነበር» የሚለውን አቤቱታ አምናለሁ። እውነት ነው፣ ተጫዋቹ አልነካም። የተለወጠው ጌሙ ነው። ብዙ ሞዶች የሚሠሩት የጌሙን አንድ ፋይል ቀድተው፣ አንድ ሁለት ነገር ለውጠው፣ በዋናው ቦታ እንዲነበብ በማድረግ ነው። አፕዴት ዋናውን ፋይል ሲያሻሽለው ሞዱ አሮጌውን ቅጂ እንደያዘ ይቀራል፤ ጌሙ አዲስ ነገር ሲጠብቅ አሮጌ ያነባል። ስክሪፕቶቹ ደግሞ ፓይተን በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ጌሙ ከፓይተን 3.3 ወደ 3.7 ሲሸጋገር የቀድሞዎቹ ስክሪፕቶች እንደገና መሠራት ነበረባቸው። በማርች 2023 ጨቅላ ሕፃናት ሲጨመሩም ብዙ ሞድ ተሰናክሏል። ፀጉርና ልብስ እንዲህ ቶሎ አይበላሹም፤ ስለዚህ ፍለጋውን ከስክሪፕት መጀመር ነው። ከዚያ በፊት ግን ሴቲንጉን እዩ፦ ጌሙ ከአፕዴት በኋላ ሞዶችን ራሱ ኦፍ ያደርጋቸዋል። ሞዶቼ ጠፉ ብሎ ላፕቶፕ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው አለ፤ የሚያስፈልገው ሁለት ምልክት ማድረግና ጌሙን ዘግቶ መክፈት ብቻ ነው።

የስህተት ፋይሉ ካልተናገረ ሞዶቹን ለሁለት መክፈል ነው። ሞድስ ፎልደሩን ዴስክቶፕ ላይ አውጡት፣ «ሎካልተምብካሽ» የሚባለውን ፋይል አጥፉ፣ ጌሙን ክፈቱ። ያለ ሞድ ደህና ከሆነ ግማሹን መልሱ። ችግሩ ከተመለሰ ያለው በዚያ ግማሽ ውስጥ ነው፤ ካልተመለሰ በሌላው። ሺህ ፋይል ያለው ሰው አሥር ጊዜ ያህል ከፍሎ አንዱ ላይ ይደርሳል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። መፈተሻችሁ አዲስ ጌም ይሁን። የቆየውን ቤተሰብ ሞዶቹ በሌሉበት ከፍታችሁ ሴቭ ካደረጋችሁ፣ የወጣው ልብስና የቤት ዕቃ ከሴቩም ይወጣል፤ ሞዱን ብትመልሱት ያ ሶፋ ወደ ቦታው አይመለስም። ሁለተኛው፣ አብረው የሚሠሩትን አትነጥሉ። አንዳንድ ሞድ ስክሪፕትና ፓኬጅ የሚባሉ ሁለት ዓይነት ፋይሎች አሉት፤ ሌላ ሰው የሠራውን ፀጉር ቀለም ብቻ የቀየረ ፋይልም ያለ ዋናው ፀጉር አይሠራም። እነዚህን ለያይቶ የከፈለ ሰው ራሱ አዲስ ችግር ይፈጥርና ጤነኛውን ፋይል ይወነጅላል። ሁለቱም ግማሾች ለየብቻቸው ደህና ሆነው አብረው ሲሆኑ ብቻ የሚበላሹ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ፤ ሁለት ሞዶች አንድ ፋይል ላይ ተጋጭተዋል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የሚያቀለው ቀድሞ የተደራጀ ፎልደር ነው። በሠሪው ስም ለዩት፤ አፕዴት ሲወጣ የማን ሞድ እንደታደሰ ለማየት ይመቻል። ስክሪፕት ከአንድ ንዑስ ፎልደር በታች ከገባ ጌሙ አያነበውም፤ ዚፕ እንደሆነ የተቀመጠውንም አያነበውም። ፓኬጆችን አንድ ላይ የማዋሃድ ፋሽን ግን አልወድም። ጌሙ ቶሎ ይከፈት ይሆናል፣ አንዱ ሲበላሽ ግን ነጥሎ ማውጣት ፈተና ነው። ዋናዎቹን ፋይሎች ሳያስቀምጥ የሚያዋሃድ ሰው ራሱን ይጎዳል።

ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረው የሞድ ክምርም ያሳስበኛል። ማን እንደሠራው፣ ለየትኛው አፕዴት እንደሆነ አይታወቅም። ስክሪፕት ኮምፒውተሩ ላይ የሚሮጥ ፕሮግራም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የይለፍ ቃል ሊሰርቁ የተሠሩ ስክሪፕቶች የሞድ ማውረጃዎች ላይ ተገኝተዋል። ዋናው ጌም ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ በነፃ ይወርዳል፤ ሞዱንም ከሠሪው ገጽ አውርዱ።

ላፕቶፓችሁን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ያንን የዶክመንትስ ፎልደር ሙሉውን ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ስትረከቡ ደግሞ ባለሙያውን «የትኛው ፋይል ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ስሙን ካልነገራችሁ ችግሩ አልተገኘም።