የሸረሪቱ ሰው ፊቱን ለወጠ

አንድ ሰው የቆየ ወዳጁን ከሁለት ዓመት በኋላ ቢያገኘው፣ ድምፁም አነጋገሩም ቀልዱም ያው ሆኖ ፊቱ ግን የሌላ ሰው ቢሆንበት ምን ይሰማዋል? ጥያቄው ተረት ይመስላል። ነገር ግን በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. በብዙ አገር የሚገኙ የቪዲዮ ጨዋታ ወዳጆች የደረሰባቸው ነገር ይኸው ነው።

ወዳጃቸው ፒተር ፓርከር ይባላል። ስታን ሊና ስቲቭ ዲትኮ የተባሉ አሜሪካውያን በ1954 ዓ.ም. በሥዕላዊ መጽሔት ለዓለም ያስተዋወቁት ስፓይደርማን፣ ማለት የሸረሪቱ ሰው፣ እርሱ ነው። እንደ ማንኛውም ወጣት የቤት ኪራይ ያስጨንቀዋል፤ ጭንብሉን ሲያጠልቅ ግን ድር እየወረወረ ከፎቅ ወደ ፎቅ ይወነጨፋል። ኢንሶምኒያክ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ይህን ጀግና ይዞ የሠራው ጨዋታ ፕሌይስቴሽን 4 ለተባለው የሶኒ መሣሪያ ጳጉሜን 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ወጣ።

ይህን ጨዋታ የማያውቁ አንባቢዎች እንዲረዱልን ያህል፣ ተጫዋቹ በአንድ መንገድ ብቻ እየተመራ የሚሄድበት አይደለም። የኒውዮርኳ ማንሃተን ከነጎዳናዋ ተዘርግታ ትጠብቀዋለች። ቢፈልግ ከኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ጫፍ ቁልቁል ይዘላል፤ ቢፈልግ ፒተር በየግድግዳው በድር ለጥፎ የተዋቸውን 55 ቦርሳዎች ሲለቅም ይውላል። ዋናው ታሪክ ይቆየኝ ቢል የሚቆጣው የለም፤ በማግስቱ ቢሮ የሚጠብቀው አለቃ ካልሆነ በቀር።

እንግዲህ ይህችን ሰፊ ከተማ የያዘው የአሮጌው መሣሪያ ዲስክ እንደ ሸክላ የሚሽከረከር ነበር። የሚፈለገው ነገር ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው የተበታተነ እንደ ሆነ አንባቢው ክንድ ወዲያና ወዲህ መመላለስ አለበት፤ ጊዜ የሚበላውም ይኸው ምልልስ ነው። የፕሌይስቴሽንን አሠራር የነደፉት ሚስተር ማርክ ሰርኒ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ባደረጉት ንግግር እንደ ገለጹት፣ ኢንሶምኒያክ ይህን ምልልስ ለመቀነስ ሲል እንደ ጎዳና ላይ የፖስታ ሣጥን ያሉትን ነገሮች በዲስኩ ላይ ደጋግሞ ጽፏቸዋል፤ 400 ጊዜ የተጻፈም ነበር! ያም ሆኖ ሸረሪቱ ሰው ከዲስኩ ፍጥነት በላይ መብረር አይችልም ነበር። ቢበር ኖሮ ገና ያልተሠራ ጎዳና ላይ በደረሰ ነበር።

የአዲሱ ፕሌይስቴሽን 5 ማከማቻ የሚሽከረከር ነገር የለውም። ሶኒ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ይህንኑ ጨዋታ ለማሳያ ወስዶ፣ በአሮጌው 8 ሴኮንድ የፈጀውን ጉዞ በአዲሱ ከ1 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ፈጽሞ አሳየ። በጥንቱ ጨዋታ ከሰፈር ወደ ሩቅ ሰፈር ለመዝለል የፈለገ ተጫዋች፣ ከተማዋ እስክትዘጋጅ ድረስ ጀግናው ጠባብ ልብሱን እንደ ለበሰ በምድር ውስጥ ባቡር ከተሳፋሪዎች መካከል ተቀምጦ ያይ ነበር። ያ ትዕይንት የመሣሪያውን ዝግታ ለመሸፈን የተዘየደ ዘዴ ነበር። እኔ ግን እወደው ነበር። በአዲሱ ላይ ባቡሩን ለማየት ጊዜ አይገኝም።

አዲሱ መሣሪያ በ499 ዶላር፣ ዲስክ ማስገቢያ የሌለው ደግሞ በ399 ዶላር ለገበያ ቀርቦ ነበርና ለጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የሚቀመስ አልነበረም። እኔም ለሦስት ቅዳሜ የወዳጄን ሳሎን ወረርሁ። እውነቱን ለመናገር ዐይን ይጠግባል። ጥንት በሴኮንድ 30 ሥዕል የሚያሳየው ጨዋታ አሁን 60 ያሳያል። የመስኮቶቹ መስተዋት ቀድሞ ለይምሰል የተሣለ መንገድ ነበረበት፤ አሁን የብርሃን ጨረር እየተሰላ፣ ሸረሪቱ ሰው በሕንፃው ጎን ሲወጣ የገዛ ጥላው ከመስተዋቱ ውስጥ አብሮት ይወጣል። ቆሜ ያየሁት እርሱን ነው፤ ሌባው እስኪያመልጥ ድረስ።

ሆኖም የታደሰው ጨዋታ በመጀመሪያ ለብቻው አልተሸጠም፤ ማይልስ ሞራሌስ ከተባለው ተከታይ ጋር በ70 ዶላር ገደማ እንጂ። አሮጌውን የገዛ ሰው እንደገና ሊከፍል ነው። ከዚያም ብሶ፣ ተጫዋቹ ደክሞ ያከማቸው መዝገብ ወደ አዲሱ አይሻገርም ተባለ። ጩኸቱ ሲበረታ ኩባንያው ሐሳቡን ለውጦ መዝገቡ እንዲሻገር አደረገ። ደግ አደረገ።

ስለ ፊቱ ግን አልተመለሰም። በመስከረም 2013 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፣ ለፒተር ፊት ሞዴል የነበረው ጆን ቡብኒያክ ቀርቶ የቤን ጆርዳን ፊት ተተካ። ምክንያቱም ለፒተር ድምፁንና እንቅስቃሴውን የሰጠው ተዋናይ ዩሪ ሎወንታል ፊቱን ሲያንቀሳቅስ ከአዲሱ ጋር ይበልጥ ይስማማል የሚል ነው። ቁጣው ብዙ ነበር። እኔም በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ፒተር ከአልጋው ሲነሣ፣ ይህ ልጅ ማነው? ብያለሁ።

ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲጫወት ሌላ ሸክም አለበት። ፒተርን እንደ ልጅ የሚያዩት ሳይንቲስት ዶክተር ኦቶ ኦክታቪየስ በፈገግታ ሲያመሰግኑት፣ ተጫዋቹ የኋላ ኋላ የሚሆኑትን ያውቃል፤ እያንዳንዱ ደግ ቃላቸው ያማል። ፈጣኑ መሣሪያ እዚህ ላይ ምንም አይረዳም።

መጨረሻው ደረሰ። ከተማይቱ በበሽታ ተይዛለች። ፒተርን ያሳደጉት አክስቱ፣ ወይዘሮ ሜይ፣ በድኾች መጠለያው አልጋ ላይ ያጣጥራሉ። መድኃኒቱ በእጁ ነው፤ ለሳቸው ቢሰጥ ግን ለሕዝቡ የሚባዛበት አይቀርም። እኔ ይህን በአሮጌው መሣሪያ አይቼዋለሁ፤ የሚመርጠውንም አውቃለሁ። አዝራሩን ተጭኜ የማስቀረው ነገር አይደለም። ሜይ የሸረሪቱን ሰው ጭንብሉን እንዲያወልቅ ለመኑት፤ ያሳደጉትን ልጅ ለማየት። ማን እንደ ሆነ ከጥንቱም ያውቁ ኖሯል።

ጭንብሉ ወለቀ። የጠበቅሁት አሮጌውን ፊት ነበር። የወጣው አዲሱ ነው፤ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። ሜይ ግን ያለ ጥርጥር አወቁት። ወዳጄ ቡና ቀርቧል ብሎ ሲጠራኝ ወዲያው አልተነሣሁም።