አፍ ሳይፈታ ጆሮ ይማራል

«ገና ጨቅላ ነው፤ ምን ይሰማል ብለሽ ነው?» ይህ አነጋገር በየቤቱ የተለመደ ነው። እናት ሥራ ውላ ደክሟት ስትገባ፣ መልስ ከማይሰጥ ሕፃን ጋር መጫወት ትርፍ ድካም ሊመስላት ይችላል። ለመሆኑ ሕፃኑ በእርግጥ ምንም አያዳምጥምን?

የሕፃናትን አእምሮ የመረመሩ ሊቃውንት የደረሱበት ውጤት ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው። ጽንሱ በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት የእናቱን ድምፅ ይሰማል። ዴካስፐርና ፋይፈር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከተወለዱ ሦስት ቀን ያልሞላቸው ሕፃናት የእናታቸውን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ አብልጠው እንደሚመርጡ አረጋግጠዋል።

መናገር የማይችል ሕፃን ድምፆችን መለየቱ እንዴት ይታወቃል? ዘዴው ቀላል ነው። ሕፃኑ የጎማ ጡት እየጠባ ድምፅ ይሰማል፤ አጠባቡም በመሣሪያ ይለካል። አዲስ ድምፅ ሲሰማ በኃይል ይጠባል፤ ድምፁ ሲሰለቸው ይቀንሳል። ኤይማስና ባልደረቦቹ በ1971 እ.ኤ.አ. በዚሁ ዘዴ የአንድና የአራት ወር ሕፃናትን ፈትነዋል። «ባ» የሚለው ድምፅ ተደጋግሞ ሲሰለቻቸው ወደ «ፓ» ቢለወጥ፣ ሕፃናቱ እንደገና በኃይል መጥባት ጀመሩ። ልዩነቱን ለይተውት ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርም ነገርም አለ። ዌርከርና ቲስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1984 እ.ኤ.አ. በካናዳ ባደረጉት ጥናት፣ እንግሊዝኛ ከሚነገርበት ቤት የተወለዱ የስድስትና የሰባት ወር ሕፃናት፣ ወላጆቻቸው የማይለዩዋቸውን የሕንድኛ ድምፆች ለይተዋል። ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረቡ ግን ይህ ችሎታ እጅግ ቀንሶ ተገኝቷል። አእምሮ በየዕለቱ የሚሰማውን ቋንቋ እያጠናከረ፣ የማይሰማውን ቸል ይላል። እኛ «ከዳ» እና «ቀዳ» የሚሉትን ቃላት ያለ ችግር ስንለይ፣ አማርኛን ካደገ በኋላ የሚማር የውጭ አገር ሰው የሚቸገረው በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ አያት በኦሮምኛ፣ እናት በአማርኛ ዘወትር ቢያነጋግሩት፣ ሕፃኑ ሁለቱንም የመልመድ ችሎታ አለው።

ታዲያ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከፍቶ መተው አይበቃምን? አይበቃም። ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት 12 ጊዜ ያህል ከቻይንኛ ተናጋሪዎች ጋር እንዲጫወቱ ተደረገ። እነዚህ ሕፃናት የቻይንኛን ድምፆች ለዩ። ያንኑ ንግግር በቴሌቪዥን ብቻ የተከታተሉት ግን ምንም አልተማሩም። ሕፃን የሚማረው ዓይኑን እያየ፣ ፈገግታውን እየመለሰ ከሚያነጋግረው ሰው ነው።

ይህ ለሠራተኛ እናት ወቀሳ አይደለም። የተለየ ሰዓትም ሆነ ገንዘብ አይጠይቅም። ጡት ስታጠባ፣ ገላውን ስታጥብ፣ ልብሱን ስትለውጥ የምታደርገውን እየነገረችው ትሥራ። «አጉ» ሲል «አጉ» ብላ ትመልስለት፤ ተራውንም ትስጠው። ድምፅን ቀጠን፣ ቃልን ረዘም አድርጎ ማባበል ሞኝነት አይደለም፤ ሕፃናት ይህን አነጋገር በይበልጥ ያዳምጣሉ። አባትም የድርሻውን ይወጣ። ቀኑን ሙሉ ከሕፃኑ ጋር የምትውለው ሞግዚትም ምግቡንና ንጽሕናውን ብቻ ሳይሆን ጨዋታውንም እንድትጠብቅ በትሕትና ማስረዳት ተገቢ ነው።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለ። ድንገተኛ ድምፅ የማያስደነግጠው፣ ዓመት ሊሞላው ሲል ስሙ ተጠርቶ ዞር የማይል፣ «ባባ» «ማማ» እያለ የማይንተባተብ ሕፃን የመስማት ችግር ሊኖርበት ይችላልና፣ «ሲያድግ ይተወዋል» ሳይባል ጆሮው በሐኪም ይመርመር። ችግሩ ቶሎ ከታወቀ ቋንቋ የመልመድ ዕድሉ ይሰፋል።

የልጅ የመጀመሪያ ቃል ዓመት ሲሞላው ገደማ ይሰማል፤ ትምህርቱ የተጀመረው ግን ከብዙ ወራት በፊት ነው። እናቶች፣ ዛሬ ማታ ከሥራ ስትገቡ ቦርሳችሁን አስቀምጡና ውሏችሁን ለሕፃኑ ንገሩት። ባይመልስም እየተማረ ነው።