ከጄኖቫ እስከ ሳንሬሞ፦ ከ20 ዓመታት በኋላ የተመለሰው የሴቶች የብስክሌት ውድድር

በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በሊጉሪያ ግዛት፣ ከጥንታዊቷ ሮም ዘመን የተወረሰው የኦሬሊያ መንገድ የሜዲትራኒያንን ባሕር ተከትሎ ይጓዛል። በአንድ ወገን ውኃው፣ በሌላው ወገን የወይራ ዛፍ የለበሱ ኮረብታዎች ይታያሉ። መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም. በዚህ መንገድ ላይ ለ20 ዓመታት ተቋርጦ የቆየ ውድድር ዳግም ተካሄደ። ሴት የብስክሌት ባለሙያዎች ከጄኖቫ ተነሥተው 156 ኪሎ ሜትር በመጋለብ ሳንሬሞ ገቡ።

ውድድሩ ከሚላን እስከ ሳንሬሞ የሚደረገው ዝነኛ የወንዶች ውድድር አቻ ነው። የወንዶቹ እ.አ.አ በ1907 የተጀመረ ሲሆን፣ ከአምስቱ ታላላቅ የአንድ ቀን ውድድሮች ረጅሙ ነው።

አሸናፊው የሚለየው የት ነው?

ለዓይን የሚማርከው የባሕር ዳርቻ አብዛኛውን ጊዜ ማንንም ከማንም አይለይም። መንገዱ በአመዛኙ ሜዳማ ነው። በሜዳ ላይ ደግሞ ከሌሎች ጀርባ ተጠግታ የምትጋልብ ተወዳዳሪ ነፋሱ በፊተኞቹ ስለሚመከትላት ብዙ ጉልበት ትቆጥባለች። ብቻዋን የምታመልጥ ግን ነፋሱን ብቻዋን ትጋፈጣለች። ስለዚህ ቡድኖች መሪዎቻቸውን ከነፋስ ከልለው ጊዜ ይጠብቃሉ።

ካፖ ሜሌ፣ ካፖ ቼርቮ እና ካፖ ቤርታ የተባሉት ሦስት አጫጭር ዳገቶች እግርን ያደክማሉ እንጂ ውጤቱን እምብዛም አይወስኑም። ወሳኞቹ ቺፕሬሳ እና ፖጆ ናቸው። ቺፕሬሳ 5.6 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ፖጆ 3.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከጫፉ እስከ ፍጻሜው መስመር የሚቀረው ከአምስት ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሁለቱም በተፈጥሮ የውድድሩ አካል አልነበሩም። ፖጆ እ.አ.አ በ1960፣ ቺፕሬሳ ደግሞ በ1982 የተጨመሩት የወንዶቹ ፉክክር እንዲከብድ ነው።

ፖጆ ቀጥ ያለ ዳገት አይደለም። በፍጥነት ስለሚወጣ ከኋላ የተከተለች ሁሉ የመጠለል ዕድል አላት። ችግሩ ከዳገቱ በኋላ ይመጣል። ቁልቁለቱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ አንድ ጊዜ ፍሬን አብዝታ የያዘች ተወዳዳሪ የጠፋውን ርቀት ለመመለስ የቀራት መንገድ ትንሽ ነው።

የ2025ቱ ፍጻሜ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ጣሊያናዊቷ ኤሊዛ ሎንጎ ቦርጊኒ ከቁልቁለቱ በኋላ ተነጥላ ወጣች። በወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን የነበረችው ቤልጂጋዊቷ ሎተ ኮፔኪ ለራሷ ድል ሳይሆን ለቡድን ጓደኛዋ ስትል አሳደደቻት። ጣሊያናዊቷ ፍጻሜው በዓይን እየታየ ተያዘች። ሆላንዳዊቷ ሎሬና ዊበስ በመጨረሻው የፍጥነት ፉክክር የአገሯን ልጅ ማሪያነ ፎስን ቀድማ አሸነፈች። የስዊዘርላንዷ ኖኤሚ ሩዌግ ሦስተኛ ወጣች።

ለምን ተቋርጦ ነበር?

ሴቶች በዚህ መንገድ ላይ እንግዳ አልነበሩም። ‘ፕሪማቬራ ሮዛ’ የተባለው ውድድር እ.አ.አ ከ1999 እስከ 2005 ሰባት ጊዜ ተካሂዷል። መነሻው ቫራዜ፣ ርዝመቱም 118 ኪሎ ሜትር ነበር። በ2006 ግን ከመርሐ ግብር ወጣ። በዚያን ዘመን የሴቶች ብስክሌት ገንዘብም ሆነ የቴሌቪዥን ሽፋን እጅግ ያንሰው ነበር።

የዚህ ክፍተት ዋጋ በፎስ ታሪክ ይለካል። ፎስ የመጀመሪያ የጎዳና የዓለም ሻምፒዮንነቷን የተቀዳጀችው ውድድሩ በጠፋበት በዚያው በ2006 ነው። ከዘመኑ ታላላቆች አንዷ ሆና ሳለ በሳንሬሞ ለመፎካከር ዕድል ያገኘችው በ37 ዓመቷ ነው። ሁለተኛም ወጣች።

ለመመለሱ መንገድ የጠረጉት ለውጦች ቀስ በቀስ የመጡ ናቸው። በ2016 የሴቶች የዓለም ዙር ውድድር ተመሠረተ። በ2020 በከፍተኛው ደረጃ ለሚገኙ ቡድኖች ተወዳዳሪዎች በዓመት 15,000 ዩሮ ዝቅተኛ ደመወዝ ተደነገገ። በ2021 ፓሪስ-ሩቤ፣ በ2022 ደግሞ አዲሱ የሴቶች ቱር ደ ፍራንስ ተጀመሩ።

ልዩነቱ ግን አልጠፋም። የወንዶቹ ውድድር በዚያው ዕለት 289 ኪሎ ሜትር ሸፍኗል። የሴቶች ርቀት በደንብ የተገደበ በመሆኑ መነሻቸው ሚላን ሳይሆን ጄኖቫ ሆኗል። ያም ሆኖ ውጤቱን የሚወስኑት ዳገቶች፣ ቁልቁለቱና በቪያ ሮማ ጎዳና ያለው ፍጻሜ ለሁለቱም አንድ ናቸው።

ምሥራቅ አፍሪካስ?

በዚያው ዓመት በመስቀል ዕለት የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና የጎዳና ውድድር በኪጋሊ ተካሂዶ ካናዳዊቷ ማግዴሌን ቫሊየር አሸንፋለች። ሻምፒዮናው ወደ አፍሪካ ሲመጣ የመጀመሪያው ነበር። በሩዋንዳ ኮረብታዎች ላይ ዳገት ተወዳዳሪዎችን ደጋግሞ ሲያበጥር፣ በሊጉሪያ ግን ትዕግሥት እስከ መጨረሻዎቹ 25 ኪሎ ሜትሮች ይፈተናል። በትግራይ የተወለደችው እየሩ ገብሩም በፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ በስደተኞች ቡድን ስም በጎዳና ብስክሌት ተሰልፋለች።

ከአምስቱ ታላላቅ ውድድሮች አራቱ በ2025 ለሴቶች ክፍት ነበሩ። የቀረው በዚያችው ጣሊያን የሚካሄደው የሎምባርዲያ ውድድር ነው። አልፎንሲና ስትራዳ የተባለች ጣሊያናዊት ከወንዶች ጋር ተሰልፋ በዚያ መንገድ የጋለበችው በ1917 ነበር።