እስር ቤት በምን ይሞላል?

ከሰበታ አልፎ በጅማ መንገድ ተፍኪን የሚያውቅ፣ የበቾን ሜዳም ያውቃል። ክረምት አዋሽ ሲሞላ ሜዳው ላይ የሚተኛው ውሃ በዝናቡ ብዛት ብቻ አይወሰንም፤ መውጫ ካጣ እዚያው ይከርማል። የእስረኛ ቁጥርም እንደዚሁ ነው። ስንት ሰው ገባ፣ ምን ያህል ቆየ፣ ስንቱ ወጣ? ወንጀል መብዛቱ የመልሱ አንድ ክፍል ብቻ ነው።

በ2012 ዓ.ም. አካባቢ በኢትዮጵያ ወደ 110,000 እስረኞች እንደነበሩ ይገመታል፤ ይህም ከ100,000 ሰው 100 ገደማ መሆኑ ነው። በአሜሪካ ተመጣጣኙ ቁጥር ከ500 በላይ ነው።

መግቢያው ፖሊስ ጣቢያ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ምርመራው ካላለቀ ግን ፖሊስ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንዱን ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ቢገድብም፣ ስንት ጊዜ መደጋገም እንደሚቻል አልወሰነም። ስለዚህ ያልተፈረደበት ሰው ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ሲተላለፍ ሊከርም ይችላል።

ሌላው ዋስትና ነው። ዳኛው ቢፈቅድም ብር የሚያስይዝ ወይም ዋስ የሚሆን ሰው ያስፈልጋል። ለሥራ ከሩቅ ወደ ሰበታ ፋብሪካዎችና አበባ እርሻዎች ለመጣ ወጣት፣ ዘመድም የሚያውቀውም በሌለበት ከተማ ዋስ ማግኘት ከክሱ በላይ ሊከብደው ይችላል።

ፖለቲካም ቁጥሩን በአንድ ጊዜ ያሻቅባል። በመስከረም 2009 በተቃውሞው መካከል ሰበታን ጨምሮ በኦሮሚያ ፋብሪካዎች ተቃጠሉ፤ ወዲያው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁን የሚከታተለው መርማሪ ቦርድ ከ26,000 በላይ ሰዎች መያዛቸውን በሚያዝያ 2009 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አሳወቀ። ብዙዎቹ የታሰሩት እንደ ጦላይ ባሉ ወታደራዊ ካምፖች ነበር።

ከተፈረደ በኋላ ደግሞ የቅጣቱ ርዝመት አለ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ጽኑ እስራት በመደበኛው ከ1 እስከ 25 ዓመት ነው፤ ዕድሜ ልክም አለ። መውጫውን የሚያሳጥረው አመክሮ ነው፦ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ፣ ጠባዩን ያሻሻለና በተቻለው መጠን ተበዳዩን የካሰ ሰው ሊፈታ ይችላል። የዕድሜ ልክ ፍርደኛ 20 ዓመት መጨረስ አለበት።

መንግሥት አንዳንዴ በይቅርታ ያቃልላል። በመጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ 4,011 እስረኞች ይቅርታ ተደርጎላቸዋል። ይቅርታ ግን የዛሬውን ክፍል እንጂ የነገውን ሰልፍ አያሳጥርም። ጊዜ ቀጠሮ ካልተገደበና ዋስትና ለድሃው ካልቀለለ ክፍሉ ተመልሶ ይሞላል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ዘመድዎ ወይም ጎረቤትዎ ቢያዝ 48ቱን ሰዓት ይቁጠሩ፤ በፍርድ ቤቱ ቀጠሮም ይገኙ። ዋስ የመሆን አቅም ካለዎት አይሽሹ፤ ያልተፈረደበትን ሰው ከቤቱ ሆኖ እንዲከራከር የሚያደርገው ዋስ ነው።