እንዳይንሸራተት የተሠራ ስሌድ

በረዶ በሚወርድባቸው የሰሜን አገሮች ከጥንት ጀምሮ ሸክምን በበረዶ ላይ የሚጎትቱበት፣ መንኰራኵር የሌለው ስሌድ የሚባል መሣሪያ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። የዚያ የጥንቱ ስሌድ ክብሩ በቀላሉ መንሸራተቱ ሲሆን፣ ዛሬ ከአንባቢ ጋር ላስተዋውቀው የምፈልገው፣ ስሙን የወረሰው የስፖርት መሣሪያ ግን ዋጋው ሁሉ ያለው አልንሸራተትም በማለቱ ነው፤ ሰው ብረት ጭኖ በሲሚንቶ ወይም በሣር ላይ የሚጎትተውና የሚገፋው፣ ወደ አንድ ቦታ ሊያደርሰው ፈልጎ ሳይሆን በእንቢታው ጡንቻውንና ሳንባውን ሊያጸና ነውና።

ይህን ልማድ በክብደት አንሺዎች ዘንድ ካስፋፉት ሰዎች መካከል ስመ ጥሩ፣ በኦሃዮ በኮለምበስ ከተማ ዌስትሳይድ ባርቤል የተባለውን ጂም መሥርቶ በ2022 እ.ኤ.አ. ያረፈው ሉዊ ሲመንስ ነው። እርሱም ሲተርክ፣ ብርቱዎቹ የፊንላንድ ክብደት አንሺዎች ቀን ቀን በደን ውስጥ ግንድ የሚጎትቱ እንጨት ቈራጮች መሆናቸውን ከሰማ በኋላ ነገሩን ወደ ጂሙ እንዳመጣው ይናገር ነበር።

የመሣሪያውን ጸጋ ለመረዳት በሰሞነ ሕማማት የሰገደ ሰው የሚያውቀውን ማስታወስ ይበቃል። በስቅለት ዕለት መቶ፣ ሁለት መቶ ጊዜ ወድቆ የተነሣ ምእመን በቀዳም ሥዑር ጠዋት ደረጃ ሲወርድ ጭኑ አልታዘዝ የሚለው፣ በአብዛኛው ከምድር ስለ ተነሣ ሳይሆን፣ ሰውነቱን ወደ ምድር ሲያወርድ ጡንቻው እየተለጠጠ ሸክሙን ስለ ያዘ ነው። ስሌድ ግን መውረድ የሌለበት መነሣት ነው፤ ገፊው ሲቆም እርሱም ይቆማል እንጂ ተመልሶ የሚወድቅ ክብደት የለውም። ስለዚህ ሰው ልቡ ከደረቱ ልትወጣ እስክትደርስ ገፍቶ፣ ብዙውን ጊዜ በማግሥቱ ሳያነክስ ወደ ሥራው ይሄዳል።

እንግዲህ ንዋዩ የተወሰነ ሰው ለቤቱ አንድ ስሌድ ሊገዛ ሲነሣ የሚጠይቀው ስንት ኪሎ ይሸከማል ብሎ ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ብረቱ ሳይሆን መሬቱ ነው። ጎታቹን የሚታገለው ኃይል ሰበቃ ነው፤ ሰበቃም ከክብደት ጋር የሚያድግ ቢሆንም፣ የሚተሻሹት የሁለቱ ነገሮች ባሕርይ ስለሚወስነው፣ ያው 60 ኪሎ በለሰለሰ ወለል ላይ መጫወቻ ሲሆን በሻከረ አስፋልት ላይ መከራ ይሆናል። ይህን ማየት የፈለገ በስሌዱና በገመዱ መካከል የሚንጠለጠል ሚዛን ያግባ። እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ ከጋራዤ ፊት እንዲህ ባደረግሁ ጊዜ፣ መርፌው ቀስ እያለ ሲወጣ ሲወጣ ቆይቶ፣ ስሌዱ እመር ብሎ በተነቃነቀበት ቅጽበት ወደ ኋላ ወደቀ፤ የቆመውን ማስነሣት የሚሄደውን ከማስኬድ ይከብዳልና። ግቢው ጠባብ የሆነበት ሰውም በየጥቂት እርምጃው እየቆመ እንደ ገና ስለሚያስነሣ፣ ሜዳ ካለው ሰው ያነሰ ብረት ይበቃዋል።

በርካሹ ወገን ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው በመካከሉ አጭር ምሰሶ የቆመበት ጠፍጣፋ ብረት ሲሆን በገመድ ብቻ ይጎተታል፤ አሜሪካ ውስጥ 100 ዶላር አካባቢ ያወጣል። ሁለተኛው የሚገፉባቸው ሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች ያሉት ነው፤ እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ዋጋው እንዲቀንስ ተብሎ አጭርና ቀላል ሆኖ ከተሠራ፣ ምሰሶውን ከላይ ይዘው ሲገፉት በአፍንጫው ይተከላል። የእግሮቹም ጫፍ እንደ ታንኳ አፍ ወደ ላይ የተቀለበሰ መሆን አለበት፤ ያልተቀለበሰው በሲሚንቶ ንጣፍ መጋጠሚያ ላይ ሲደርስ ድንገት ይቆማል፣ ገፊው ግን አይቆምም፤ ለዚህ ግንባሬ ላይ ያለው ጠባሳ ምስክሬ ነው። ክብደት የሚሰካበት ምሰሶ ውፍረትም አይረሳ፤ ቀዳዳቸው 50 ሚሊ ሜትር የሆኑ ክብደቶች በቀጭን ምሰሶ ላይ ሲንቋቁ፣ ባለ 25 ሚሊ ሜትሮቹ ደግሞ በወፍራሙ ላይ ከነጭራሹ አይገቡም። ገመዱ ረዘም ይበል፤ አጭር ገመድ ስሌዱን ወደ ላይ እየሳበ ከመሬት ስለሚያቃልለው ጎታቹ ራሱን ያታልላል። በማግኔት የሚታገሉ ባለ ጎማዎችም አሉ፤ ወደ 1,000 ዶላር ስለሚጠጉ ለባለጠጎች እንተዋቸው።

ብረት በአስፋልት ላይ ሲፋቅ የሚያሰማው ጩኸት ገና ጎሕ ሲቀድ ጎረቤትን ከአልጋው የሚያስነሣ ነው። በዚህም ምክንያት፣ ከሁሉም የሚረክሰውን ያረጀ የመኪና ጎማ የሚንቅ ሰው አላዋቂ ይመስለኛል፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ሰበቃው ብርቱ ነው፣ ጎማ ቀያሪዎችም የሚያስወግዱት በክፍያ ስለሆነ ለለመናቸው በደስታ ይሰጣሉ። መሬት በሚረግጠው ወፍራም ገጽ በኩል ይበሳና ራሱ ቀለበት የሆነ ቡሎን ገብቶበት፣ ከውስጥ በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ ይጠበቃል፤ በመካከሉም ክብደት የሚቀመጥበት ጣውላ ይደረጋል። ከሥሩ ሁለት ሦስት የውሃ መውረጃ ቀዳዳ መብሳት ያስፈልጋል፤ ይህን የዘነጋ ሰው በበጋው ዝናብ ማግሥት ከጎማው ጋር የትንኝ መንጋ ይጎትታል።